የናጋኩራ ሞገድ ያነሰበት ምክንያት

ናጋኩራ ባሕር የላትም። በአራቱም በኩል ተራራ ነው፤ ባሕር ማየት ያማረው ሰው ሁለት ባቡር ቀይሮ ግማሽ ቀን መጓዝ አለበት። ታዲያ አዲሱ ንጉሠ ነገሥት በነገሡበት ዓመት፣ አገሩ ሁሉ ገንዘቡን የት እንደሚጥለው ጨንቆት በነበረ ጊዜ፣ ከንቲባችን «ባሕሩን እኛ ዘንድ እናመጣዋለን» ብለው ተነሡ። የሐር ፋብሪካው ፈርሶ በቦታው ትልቅ የመስታወት ጣሪያ ቆመ፤ ከሥሩ የፕላስቲክ ዘንባባ ተተከለ። የመዋኛው ወለል ከአንዱ ጫፍ እንደ ባሕር ዳርቻ እያዘቀዘቀ ሄዶ በሌላው ጫፍ ሁለት ሜትር ይጠልቃል። ከጥልቁ ጫፍ ግድግዳ ጀርባ የሞገድ ማሽን ተቀመጠ። በየግማሽ ሰዓቱ ደወል ይደወልና ማሽኑ ማዕበል ይልካል። ውጭ በረዶው ጣሪያው ላይ ሲከመር፣ ውስጥ ሰው በዋና ልብስ ሆኖ ማዕበል ላይ ይዘላል። የመጀመሪያው ዓመት ሰልፉ ባቡር ጣቢያው ድረስ ይደርስ ነበር። ዛሬ ይህን ሲነግሩት የሚስቅ አለ፤ እኔ ግን ተሰልፌበታለሁ።

ኦኩሙራ ኪኑዬ ያን ጊዜ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ ትኬት መሸጫው መስኮት ውስጥ ተቀምጣ ያንን ሰልፍ ፊት ለፊት ታየዋለች። ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ልጅ አልወለዱም። ከዚያ በፊት ሃያ ዓመት ሙሉ እዚያው ቦታ ላይ፣ በፈረሰው ፋብሪካ ውስጥ የሐር ፈትል ስትስብ ኖራለች። የምትገባበት በር እንኳን አልተለወጠም፤ የተለወጠው ሽታው ብቻ ነው ትል ነበር። ድሮ የተቀቀለ የሐር ትል ይሸታል፣ አሁን ክሎሪን።

ኪኑዬ ዋና አትችልም። ነገሩ ሁሉ የሚዞረው በዚህ ላይ ስለሆነ ከአሁኑ ልንገራችሁ። የተወለደችበት የተራራ መንደር ትምህርት ቤት መዋኛ አልነበረውም፤ ወንዙም የቀለጠ በረዶ ስለሆነ እግር ይቆርጣል። ትኬት ለመቁረጥ ደግሞ ዋና አያስፈልግም። ማንም አልጠየቃት፣ እሷም አልተናገረች፤ ዐሥራ ሁለት ዓመት እንዲሁ በሰላም አለፈ።

ከዚያ ሰልፉ አጠረ። የፕላስቲኩ ዘንባባ ነጣ። ከተማው ወጪ ቀንሱ ሲል ዋናተኞቹን ከመስመጥ ከሚጠብቁት ጠባቂዎች ግማሾቹ ተሰናበቱ፤ የቀሩት በሙቀቱ ወራት የሚቀጠሩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና ጥቂት ቋሚዎች ነበሩ። አንድ ቀን አለቃው ናጉሞ፣ ሁልጊዜ ክራባታቸውን ክሎሪን እንዳይነካው ሸሚዛቸው ውስጥ የሚከቱ ጨዋ ሰው፣ ትኬት መስኮቷ ድረስ መጡ።

«ኪኑዬ-ሳን፣ ከሰኞ ጀምሮ ማዕበሉ ዘንድ የጠባቂው ወንበር ላይ ቢቀመጡልን ብለን ነበር። ችግር የለም አይደል?»

እኛ ዘንድ እንዲህ ተብሎ ለተጠየቀ ሰው መልሱ አንድ ነው።

«የለም» አለች።

ማታ ለባሏ ነገረችው። ሳቀ። «እኔ ያለ መንጃ ፈቃድ አውቶቡስ እንደ መንዳቴ እኮ ነው!» ብሎ እንደገና ሳቀ፤ ከዚያ ፊቷን አየና ሳቁን ተወ።

«ንገሪያቸው በቃ።»

«ነገ እነግራቸዋለሁ።»

ወንበሩ ቁመቱ ከሰው በላይ ነው፣ በመሰላል ይወጡበታል። ቢጫ ካናቴራ፣ ቀይ ቆብ፣ አንገት ላይ የሚንጠለጠል ፊሽካ። ከላይ ሆና ስታየው ውሃው ሁሉ ራስ ብቻ ነው፤ ራሶቹ ሁሉ ደግሞ አንድ ዓይነት የዋና ቆብ አድርገዋል። ኪኑዬ ቁጥር ይዛ ተቀመጠች። ሠላሳ አራት ራስ። ሠላሳ ሦስት። አንገቷን ታሰግጋለች። ሠላሳ አራት። የምትተነፍሰው በየሰዓቱ ሃምሳኛው ደቂቃ ላይ ብቻ ነበር። ያን ጊዜ ፊሽካ ተነፍቶ ሁሉም ከውሃ ይወጣል፤ ዐሥር ደቂቃ ዕረፍት ነው። ጠባቂዎቹ ወለሉን እያዩ ይዞራሉ፤ ሰው ዳር ላይ በሰልፍ ተቀምጦ ይጠብቃል። ሁለት ሺህ ሰው ይሁን ሃያ፣ ፊሽካው ዳግም እስኪነፋ የእግሩን ጣት የሚነክር የለም። በእነዚያ ዐሥር ደቂቃዎች ውስጥ ማንም ሊሰምጥ አይችልም። ከቀኑ ሁሉ እነሱን ትወዳቸው ነበር።

በመጀመሪያው ሳምንት፣ ዐርብ ቀን፣ የሃምሳ ዓመት ጎልማሳ ቢራውን ጠጥቶ ጥልቁ ጫፍ ድረስ ሄደ። ማዕበሉ መጣ፤ ሰውየው አልወጣም። ኪኑዬ ፊሽካዋን ነፋች። ነፋች፣ ነፋች፣ ትንፋሿ እስኪያልቅ ነፋች። ከወንበሩ ግን አልወረደችም፤ እጆቿ ብረቱን ሙጭጭ አድርገው ይዘው እንቢ አሏት። ከማዶ አንድ ተማሪ ዘሎ ሰውየውን አወጣው። ሰውየው ውሃውን ካስመለሰ በኋላ ተንበርክኮ ለጠባቂዎቹም፣ ለዋናተኞቹም፣ ያኪሶባ የሚባለውን ፓስታ ለሚጠብሰው ሰው ሳይቀር በየተራ ይቅርታ ጠየቀ።

«እንዴት ያለ ፈጣን ፊሽካ ነው!» አሏት አለቃ ናጉሞ። «እናመሰግናለን።»

ነገ እናገራለሁ አለች በልቧ።

የሚቀጥለው ሰኞ ማሽኑ ታመመ። ማዕበሉ፣ ያ ደረት የሚመታው፣ ከጉልበት የማያልፍ ሆኖ መጣ። የማሽን ክፍሉ ሰው ኩጋ፣ ሲጋራ ሳያጨስ ጆሮው ላይ ሰክቶ የሚውል ቀጭን ቀልደኛ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወጥቶ «አርጅቷል፤ እንደ እኔ ወገቡን ያመዋል» አለ። መለዋወጫው ከየት ይምጣ፣ የሠራው ድርጅት ተዘግቷል። ኪኑዬ አዝና አንገቷን ነቀነቀች። ወንበሯ ላይ ወጥታ ስትቀመጥ ግን ለማሽኑ ምስጋና አቀረበች፤ ከልቧ ነበር።

በየዓመቱ ሰኔ ላይ የጠባቂዎች ፈተና አለ። ሃምሳ ሜትር ዋኝቶ ከመዋኛው ወለል ላይ ከባድ አሻንጉሊት ማውጣት ነው። የመጀመሪያው ዓመት ኪኑዬ ጉንፋን ያዘኝ አለች። በሁለተኛው ዓመት ምን ልበል እያለች ስታስብ አለቃ ናጉሞ የሩጫ ሰዓቱን እጇ ላይ አስቀመጡላት። «ኪኑዬ-ሳን ሰዓት ሲይዙ አይሳሳቱም፤ እባክዎ እርስዎ ይያዙልን።» በሦስተኛውም እንዲሁ፣ በአራተኛውም። ዕድሌ ነው ብላ አሰበች። ሰዎቹን እያታለለቻቸው እንደሆነ ታውቃለች፤ ይህም ከዋናው አለማወቅ በላይ ይከብዳት ጀመር።

ለመማር አልሞከረችም አትበሉ። ከራት በፊት ገላዋን ስትታጠብ ፊቷን ገንዳው ውስጥ ነክራ እስከ ሃያ ትቆጥር ነበር። አንድ ጊዜም በዕረፍት ቀኗ በአውቶቡስ ጎረቤት ከተማ ሄዳ የአዋቂዎች ዋና ትምህርት ልትመዘገብ ገባች። አስተማሪዋ ብቅ ስትል ከሁለት ዓመት በፊት ናጋኩራ ተቀጥራ የሠራች ተማሪ ሆና ተገኘች።

«ኪኑዬ-ሳን! ምን እግር ጣለዎት?»

«እንዲያው፣ ቦታችሁን ላየው ብዬ ነው» አለች ኪኑዬ። በር ላይ ካለው የመጠጥ መሸጫ ማሽን ሻይ ገዝታ ጠጣችና ወደ ቤቷ ተመለሰች። ሌላ ጊዜ አልሄደችም።

ፍርሃቱ ለሁለት ዓመት ያህል ፍርሃት ነበር። ከዚያ በኋላ ሥራ ሆነ። ጠዋት ትወጣለች፣ ትቆጥራለች፣ ትነፋለች፣ ማታ ትወርዳለች። ባሏ በድንገት ልቡ ቆሞ ሲሞት ሦስት ቀን ፈቃድ ወስዳ በአራተኛው ቀን መሰላሉን ወጣች። ተማሪዎቹ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ያዩዋታል። እሷ ሃያ ስድስት ራስ ነበር የምታየው፤ ሃያ ስድስቱም ከውሃ በላይ ነበሩ። ሌላ የተሰማት ነገር ስለመኖሩ ቆይታም ብታስብ አላገኘችም።

ከሥራዋ አንዱ በየማታው የአስተያየት ሳጥኑን መክፈት ነበር፤ ጽሑፏ ስለሚያምር መልሱን በብሩሽ ጽፋ ሰሌዳ ላይ የምትሰቅለው እሷ ናት። ወረቀቶቹ ሁሉ አንድ ነገር ይላሉ። «ማዕበሉ ምን ሆነ?» «የልጅነቴን ማዕበል ለልጄ ላሳየው ብዬ ብመጣ እፍኝ ውሃ ሆኖ ጠበቀኝ።» «የቤቴ ገንዳ ይሻላል።» ከሁሉ የገረማት የአንድ ጡረተኛ ወረቀት ነው፤ «ረቡዕ ረቡዕ ደኅና ነው፣ በሌላው ቀን ለምን ይደክማል?» ይላል። ረቡዕ የኪኑዬ የዕረፍት ቀን ስለሆነ ማዕበሉን አይታው አታውቅም። ኩጋን ስትጠይቀው «ማሽንም በሳምንቱ መካከል ይሻለዋል መሰለኝ» አላት። እሷም ብሩሿን አንሥታ «ማሽናችን በማርጀቱ የማዕበሉ ጤና ከቀን ቀን ይለያያል። እጅግ ይቅርታ እንጠይቃለን» ብላ ጻፈች። ረቡዕ ልጆች ትምህርት ቤት ናቸው፤ ደኅናውን ማዕበል የሚያገኙት ጡረተኞቹ ነበሩ፣ እነሱም ዳር ዳሩን ነው የሚሄዱት።

እንዲህ እየሆነ ሰው ቀረ። ቅዳሜ ሁለት መቶ የነበረው ሰማንያ ሆነ፤ ሰማንያው ሠላሳ። አዳራሹ ውስጥ የፊሽካው ድምፅ ያስተጋባ ጀመር። ያኪሶባ ጠባሹ በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ ይመጣል፤ ሰውዬው መጋዘን ሲፈልግ ከልብስ ማስቀመጫ ሎከሮቹ ግማሾቹን ሰጡት። በመጨረሻ ምክር ቤቱ ተሰብስቦ መዋኛው በነሐሴ መጨረሻ እንዲዘጋ ወሰነ። አለቃ ናጉሞ ሠራተኛውን ሰብስበው ሲነግሩ ኪኑዬ ስድሳ ሰባት ዓመቷ ነበር። ለራሷ ያለችው ነገር ቢኖር «ማንም አልሰመጠም» የሚል ነው። ሳትናገር ልትጨርሰው ነው፤ ቀሪው ሦስት ሳምንት ብቻ ነው።

የመጨረሻው ቀን መግቢያው ነፃ ተደረገ። ጉድ በሉ! ዐሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ደጁን ያልረገጠው ሁሉ ቆቡን አጥልቆ መጣ። «የልጅነቴ ቦታ» እያለ ዘንባባውን አቅፎ ፎቶ የሚነሣ፣ የሚያለቅስ፣ «እንዴት ይዘጋል?» ብሎ የሚቆጣ። የት ነበራችሁ የሚላቸው የለም። ሕዝቡ ስለበዛ ከእሳት አደጋ ስምንት ዋናተኞች ተልከው ዳር ዳሩን ቆሙ። ኪኑዬን ለክብሯ ብለው የተለመደው ወንበሯ ላይ አስቀመጧት።

ጠዋት ከንቲባው ማይክ ይዘው መዋኛውን ማቆየት ስላልቻሉ ይቅርታ ጠየቁ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ቀጥለው አለቃ ናጉሞ ሙቅ ውሃው ባለፈው ጥር ለአንድ ሳምንት ስለ መቋረጡ ይቅርታ ጠየቁ። ተጨበጨበ። እኩለ ቀን ላይ ያኪሶባ ጠባሹ ራሱ ማይኩን ተቀብሎ ጎመኑ ስላለቀበት ይቅርታ ጠየቀ፤ ለእሱም ተጨበጨበ።

ሥነ ሥርዓቱ ሁሉ አልቆ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የቀኑ የመጀመሪያ ደወል ተደወለና ማዕበሉ መጣ። ኪኑዬ መጀመሪያ ዓይኗን አላመነችም። ከግድግዳው ሥር ውሃው ተነሣና ጀርባውን ነፍቶ መጣ፤ ደረት መታ፣ ሰው አነሣ፣ ሰው ጣለ። ሦስት መቶ ሰው በአንድ ድምፅ ጮኸ። ሌላው መጣ፤ ሌላው። ራስ መቁጠር አልቻለችም። ብረቱን ሙጭጭ ብላ ያዘች። ከስምንቱ የእሳት አደጋ ሰዎች አንዱ ቀና ብሎ አያት፣ ከዚያ ቶሎ ዓይኑን አዞረ።

ሃምሳኛው ደቂቃ ሲደርስ ፊሽካዋን ነፋች። ሁሉም ወጥቶ በሰልፍ ዳር ላይ ተቀመጠ። ኪኑዬ ከወንበሯ ወርዳ ወደ ማሽን ክፍሉ ሄደች። ኩጋ ማዞሪያው አጠገብ ባልዲ ገልብጦ ተቀምጧል።

«ኩጋ-ሳን፣ አሠራኸው እንዴ?»

«ምኑን?»

«ማሽኑን ነዋ!»

«መች ተበላሽቶ ያውቃል?» አለ ኩጋ። ወዲያው እንዳመለጠው ገባውና ጆሮው ላይ ያለውን ሲጋራ አውርዶ ማገላበጥ ጀመረ።

«አርጅቷል ብለኸኝ?»

«ብዬሻለሁ።»

«እኔ እኮ ነኝ የምጽፈው። ዐሥራ ስድስት ዓመት ‹ማሽናችን አርጅቷል› እያልኩ የጻፍኩት በዚህ እጄ ነው።»

«ጽሑፍሽ ያምራል።»

«ኩጋ-ሳን።»

ኩጋ ማዞሪያውን አየ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት የሚል ቁጥር አለው፤ አንድ የሚለው ላይ ቀለሙ በጣት ብዛት ተልጧል። «ያ ሰካራም ሊሰምጥ የነበረ ሳምንት አለቃ ናጉሞ መጡና ‹እሷ ወንበሩ ላይ ስትሆን አንድ ላይ ይሁን› አሉኝ። ዛሬ እነዚህ ልጆች ከእሳት አደጋ ስላሉ ነው።»

«ለምን?»

«ለምን ትያለሽ እንዴ? ያን ቀን ወንበሩን ተጣብቀሽበት እኮ ነበር። ዓይን አለን።»

ኪኑዬ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀች። «ማን ማን ያውቃል?»

«ሁሉም። ተማሪዎቹ ሲቀጠሩ መጀመሪያ ይነገራቸዋል። ቆቡ እዚህ ነው፣ ሽንት ቤቱ እዚያ ነው፣ ኪኑዬ-ሳን ዋና አይችሉም።»

«ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?»

«አንቺስ ለምን አልነገርሽንም?»

ሰዓቱን አየች፤ ከዕረፍቱ ስድስት ደቂቃ ቀርቷል።

«ሰው የተወን ማዕበሉ ስላነሰ ነው» አለች።

«ተይ እንጂ። ጣሪያው ዝጓል። ልጅ የሚወልድ ጠፍቷል። ጎረቤት ከተማ አራት ፎቅ ተንሸራታች ሠርቷል።»

«ሳጥኑን የምከፍተው እኔ ነኝ። ስለ ጣሪያ የጻፈ አንድ ሰው አላስታውስም።»

ኩጋ ሲጋራውን ጆሮው ላይ መልሶ ሰካው።

«የመጨረሻውን ዙር ሦስት ላይ አድርገው» አለች ኪኑዬ። «እኔ ወንበሩ ላይ ሆኜ። ቃል ግባልኝ።»

«እሺ።»

«ሦስት ላይ።»

«እሺ አልኩሽ እኮ፣ ኪኑዬ-ሳን።»

ተመለሰች። መሰላሉን ስትወጣ የምታፍር መስሏት ነበር፤ የምታለቅስም መስሏት ነበር። ምንም የለም። እግሯ አንዱን ደረጃ ከሌላው በኋላ ረገጠ፣ ይኸው ነው። ከላይ ሆና ስታያቸው ሦስት መቶ ሰዎች ጉልበታቸውን አቅፈው የእሷን ፊሽካ ይጠብቃሉ። ውሃው ረግቶ የጣሪያው ብረት ከነዝገቱ ይታይበታል። ዐሥሩ ደቂቃ አለቀ። ማይኩን አነሣች፤ ዘወትር «ዕረፍቱ አብቅቷል፣ ቀስ ብላችሁ ግቡ» የምትልበት ነው።

«የተከበራችሁ እንግዶቻችን» አለች። «እኔ ዋና አልችልም።»

ድምፁ ከመስታወቱ ጋር ተጋጭቶ ተመለሰ።

«እዚህ ወንበር ላይ ዐሥራ ስድስት ዓመት ስቀመጥ ዋና አልችልም ነበር። ማሽኑ አላረጀም፤ ያ ውሸት ነው፣ የጻፍኩትም እኔ ነኝ። ማዕበሉ ያነሰው በእኔ ምክንያት ነው። በማዕበሉ ማነስ የመጣው ሁሉ የመጣው በእኔ ነው። እጅግ በጣም ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

ተነሥታ ወንበሩ ላይ እንደቆመች ዝቅ ብላ እጅ ነሣች፤ እስከ ዐሥር ቆጥራ ቀና አለች። ከዚያ ከወዲያ ጥግ አንድ ሰው አጨበጨበ። ሌላው ተከተለ፤ ወዲያው ሁሉም። «ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ደከሙልን!» አለች አንዲት ሴት። «እናመሰግናለን!» አለ ሌላው። አለቃ ናጉሞ ከትኬት መስኮቱ አጠገብ ቆመው መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ይጠርጋሉ፤ ከዚያ እሳቸውም በተራቸው ዝቅ ብለው እጅ ነሡ። በዚያን ቀን ይቅርታ ያልጠየቀ ሰው አልነበረም፤ የእሷም እንደ ሌሎቹ ተሰማ።

ጭብጨባው እስኪያልቅ ጠበቀች። ፊሽካዋን ነፋች። ሕዝቡ ገባ፤ ልጆቹ ያንን ትልቅ ማዕበል ፍለጋ እየተጋፉ ወደ ጥልቁ ሄዱ። ስምንቱ የእሳት አደጋ ሰዎች ዳር ዳሩን ቆመዋል፣ የሚያስፈራ ነገር የለም። ደወሉ ተደወለ። ኪኑዬ ሁለቱንም እጆቿን ከብረቱ ላይ አንሥታ ጭኗ ላይ አደረገችና ግድግዳውን ተመለከተች።

ማዕበሉ መጣ። ጉልበት አልደረሰም።

«ውይ፣ ምነው?» አለ አንድ ልጅ።

«አርጅቷል እኮ፣ ምን ታደርገዋለህ» አለው አባቱ።

ሌላውም መጣ፣ እንደ መጀመሪያው። በማሽን ክፍሉ ትንሽ መስኮት የኩጋ ጀርባ ይታያል፤ እጁ ማዞሪያው ላይ ነው፣ ዞር አላለም። ውሃው ዳር ላይ እየደረሰ ቀስ ብሎ ይመለሳል። ኪኑዬ ከግራ በኩል ጀምራ ራስ መቁጠር ጀመረች።